ደቻቱ ላይ ስልክ አይጣልም

ጽሑፉን የላከችልኝ እህቴ ናት። «ስለ አንቺ ነው የጻፈው» የምትል አንድ መስመር ብቻ አስከትላ ነበር። ስለ እኔ አይደለም፤ ጸሐፊው አያውቀኝም። ነገር ግን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ኢንተርኔት ቤት ይዤ የኖርኩ ሴት ነኝና፣ አንብቤ ስጨርስ እህቴ ተሳስታለች ለማለትም አልደፈርኩም።

ላላነበበው ሰው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። በተከታታይ ድራማዎች፣ በኮሜዲ ፊልሞችና በመድረክ ቀልዶች የሚሣሉት የኢንተርኔት ሰዎች ከልክ በላይ ተጋንነዋል የሚል ቅሬታ አለ። ጸሐፊው ይህን አይቀበልም። ጨለማ ክፍል ውስጥ የተዘጋው ጎረምሳ፣ በሐሰት ስም የሚሳደበው ሥራ ፈት፣ ባሕር ማዶ ባል የምታሳድደው ልጅ፣ ስልኳ ላይ ተደፍታ ወጥ የምታሳርረው ሚስት፣ ሁሉም በእውን ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ድራማው መስታወት ነው፤ በመስታወት የሚቆጣ የገዛ ፊቱን የጠላ ነው ይላል። ከዚያም ምስክር አድርጎ እኛን ይጠራል። ድሬዳዋ ሁለት ሌሊት አድሯል። ከዚራ ዛፍ ሥር ጫት ይዘው ስልካቸው ላይ ያጎነበሱ ወጣቶች አይቷል። በዚህም ድራማው ዓይኑ ፊት የቆመ መስሎታል።

ወንድሜ፣ በእኛ ከተማ አንቱታ አይለመድም። ሽማግሌውንም ሹሙንም አንተ እንላለን፤ እርሱም አይቀየምም። ስለዚህ አንተ እያልኩ ብመልስልህ የድሬ ልጅ ስለሆንኩ እንጂ ንቄህ አይደለም።

የመጀመሪያው ነጥብህ ብቸኝነት ነው። የኢንተርኔት ሰው በሩን ዘግቶ፣ መጋረጃ ጋርዶ፣ ከሰው ተለይቶ ይኖራል ትላለህ። እዚህ ላይ ቆየት ልበል፤ የቀሩት ነጥቦችህ የተደገፉት በዚህ ምሰሶ ላይ ነው።

ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። እኔ ቤቴን የከፈትኩት በ1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያኔም ቢሆን አንድ ፎቶግራፍ ከግንባር ተነሥቶ አገጭ እስኪደርስ አንድ ብርጭቆ ሻይ ተጠጥቶ ያልቅ ነበር። ስድስት ኮምፒውተር ነበረኝ፤ ሒሳቡ በደቂቃ 25 ሳንቲም። በዚህ ፍጥነትና በዚህ ዋጋ ብቻውን የሚቀመጥ ሰው አይገኝም። አንድ ወንበር ላይ ሁለት ይቀመጣሉ፤ ከኋላ ሦስት ይቆማሉ። የሚከፍለው አንዱ ነው፤ እንግሊዝኛውን የሚያነበው ሌላው፤ መልሱን የሚያቀናብረው ደግሞ ጥግ ላይ ተራውን የሚጠብቀው። አንድ ጊዜ አንድ ጎልማሳ ጅቡቲ ለሚኖር ወንድሙ ስለ አባታቸው ቤት ክፍፍል ደብዳቤ ያስጽፍ ነበር። ከአጠገቡ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ጆሯቸውን ጣል ሲያደርጉ ቆይተው ክርክሩ ውስጥ ገቡ። አንደኛው ጭራሽ የጅቡቲውን ወንድም ወገን ይዞ ተሟገተ። ደብዳቤው ሳይላክ ገንዘቡ አለቀ። በማግሥቱ ሦስቱም ተያይዘው መጡ፤ ክፍያውንም ተጋሩት። ጉዳዩ በምን እንዳለቀ እነግርህ ነበር፤ ነገር ግን ባለቤቶቹ ዛሬም ጎረቤቶቼ ናቸው።

መጋረጃም ሞክሬ ነበር። ሰው ነጻነት እንዲሰማው ብዬ በኮምፒውተሮቹ መካከል ጨርቅ ሰቀልኩ። ሚያዝያ ሲገባ ደንበኞቹ ራሳቸው አንድ በአንድ አወረዱት። ስድስት ኮምፒውተር የሚተፋው ሙቀት ድሬዳዋ ራሷ በምትተፋው ላይ ሲጨመር መጋረጃ የሚያስችል አልነበረም። በሩም ቀኑን ሙሉ ለመንገዱ ክፍት ነው፤ ሳምቡሳ ሻጯ ትገባለች፣ ልጆች ይገባሉ፣ አንዳንዴ ፍየልም ትገባለች። ድሬዳዋ ውስጥ በር ዘግቶ በጨለማ ክፍል ከኮምፒውተር ጋር የሚውል ገጸ ባሕርይ የጻፈ ሰው ከተማዋን የሚያውቃት በካርታ ነው።

ታዲያ ያ ብቸኛ ጎረምሳ ከየት መጣ? የመጣው በየቤቱ ኮምፒውተር፣ ለየልጁም የግል ክፍል ካለበት አገር ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም፣ መኝታ ቤቱ ተቀምጦ የጦር ኃይሉ ኮምፒውተር ውስጥ ሰብሮ የገባ ልጅ አሳየ። ፕሬዚዳንት ሬገን ፊልሙን አይተው ኤታማዦር ሹማቸውን እንዲህ ያለ ነገር የምር ሊሆን ይችላል ወይ ብለው ጠየቁ፤ በተከታዩ ዓመትም የመንግሥት ኮምፒውተሮችን ደኅንነት የሚመለከት መመሪያ ፈረሙ። አንድ የፊልም ልጅ ይህን ያህል ሲያስፈራ ሌሎች የፊልም ጸሐፊዎች እርሱን ከመቅዳት አይመለሱም። እኛ ዘንድ የደረሰው የቅጂው ቅጂ ነው። መስታወት ያልከው የሌላ ሰው ፎቶግራፍ ነው ማለቴ ነው።

ጥናትም ጠቅሰሃል። ኢንተርኔት ሰውን ብቸኛ እንደሚያደርግ በሳይንስ ተረጋግጧል ብለህ አልፈሃል፤ የትኛው ጥናት እንደሆነ ግን አልነገርከንም። የሚታወቀው በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የፒትስበርግ ጥናት ነውና እርሱን ይመስለኛል። በ73 ቤተሰቦች ውስጥ ያሉ 169 ሰዎች ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ተሰጥቷቸው ተመራማሪዎች ተከታተሏቸው፤ ብዙ የተጠቀሙት ላይ በመጠኑ ብቸኝነትና ድባቴ ጨምሮ ተገኘ። ይህ ዜና ዓለምን ዞረ። እነዚያው ተመራማሪዎች ሰዎቹን ቆይተው መልሰው ጠየቋቸው፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍም ያ ጉዳት በአብዛኛው እንደጠፋ ገለጹ። ይህኛው ዜና አልዞረም። አንተም ዘንድ አልደረሰም።

ዛፍ ሥር ወዳየሃቸው ወጣቶች ልመለስ። ያየኸው ያጎነበሰ አንገት ነው፤ ጆሮህን ግን አላዋስካቸውም። በእኛ ሰፈር ዳታ እንደ ጫት ነው። ለብቻው የሚቅም ሰው እንደሚታማ ሁሉ፣ ዳታ ገዝቶ ለብቻው የሚያይም ይታማል። አንዱ ይገዛል፣ ለአራት ያካፍላል። ከዚያ አንዱ ያየውን ለሌላው ያሳያል፣ ሌላው «ይህማ ውሸት ነው» ይላል፣ ሦስተኛው ስለ እግር ኳስ ዝውውር ይምላል፣ አራተኛው ወደ ውጭ ለሄደ ጓደኛቸው ደውሎ ስልኩን መሐል ላይ ያቆመዋል፤ ያ ሰው ከሄደበት ሆኖ በርጫው ላይ ይውላል። ይህን ብቸኝነት ካልከው ለቅሶ ቤቱንም ብቸኝነት በለው።

ሁለተኛው ነጥብህ በሽታ ነው። ሐኪሞች የኢንተርኔት ሱስ የሚባል በሽታ አጽድቀዋል፤ ድራማዎቹም የሚያሳዩት በሽተኛውን ነው ትላለህ። የዚህ ስም አመጣጥ ራሱ ጥሩ ኮሜዲ ይወጣዋል። በ1995 እ.ኤ.አ. ኢቫን ጎልድበርግ የተባሉ የኒው ዮርክ የአእምሮ ሐኪም፣ የሙያ ባልደረቦቻቸው ለሁሉም ነገር የበሽታ ስም ማውጣታቸው ስላስገረማቸው፣ ለመቀለድ «የኢንተርኔት ሱስ» የሚል በሽታ ፈጥረው ምልክቶቹን ዘረዘሩ። ቀልዱን ያነበቡ ሰዎች ግን እኔም ታምሜአለሁ እያሉ ይጽፉላቸው ጀመር።

በእርግጥ ነገሩ ቀልድ ብቻ ሆኖ አልቀረም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ የቪዲዮ ጨዋታ ሱስ ገብቷል። ጨዋታውን መቆጣጠር ያቃተው፣ ከሌላው የሕይወት ጉዳይ ሁሉ ጨዋታን ያስቀደመ፣ እየጎዳው መሆኑን እያየ የቀጠለ፣ ይህም በአብዛኛው ዓመት ያህል የዘለቀ ሰው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ አይቻለሁ። ከእናቱ መቀነት ብር እየፈታ ወደ እኔ ያመጣ ነበር። ስደርስበት እጁን ይዤ ቤቱ ወሰድኩት፤ እናቱ ከእርሱ ይልቅ በእኔ ላይ ተቆጣች፤ ልክ ነበረች። ዘጠኝ ዓመት፣ ቁጥር ስፍር ከሌለው ደንበኛ መካከል፣ ያየሁት ይህን አንድ ልጅ ነው። ድራማ ሊጻፍለት ይገባዋል፤ ነገር ግን ስለ እርሱ እንጂ ስለ ሌሎቹ አይሁን። ደግሞም ከአወዳይ ጫት ይዞ የሚመጣው መኪና ትንሽ በዘገየ ቁጥር ግማሹ ከተማ የሚቆጣበት አገር መጥተህ ሱስ ማለት ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳትህ ድፍረት ነው።

ሦስተኛ፣ ተጠቃሚው ወጣትና ሥራ ፈት ነው ትላለህ። ይህን ነጥብህን የምመልሰው በአንድ ክረምት ነው።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሦስት ሳምንት ገደማም ቆየ። ያኔ ኢንተርኔት ቤቴን ዘግቼ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ፎቶ ኮፒና የስልክ ዕቃ እሸጥ ነበር፤ ዛሬም እርሱን ነው የምሠራው። በድራማህ መሠረት ቢሆን፣ በዚያ ሳምንት ደጄን የሚያጨናንቁት ያበዱ ጎረምሶች በሆኑ ነበር። ጎረምሶቹ ካርታ አወጡና ተጫወቱ። ደጄን ያጨናነቁት እናቶች ናቸው።

እያንዳንዷ ስልኳን በመሐረብ ጠቅልላ ትመጣለች። «ልጄ፣ ይህ ነገር ተበላሽቶብኛል፤ እዪልኝ» ትላለች። አልተበላሸም፤ መስመሩ ተዘግቶ ነው ስላት ፊቴን ታያለች፣ ስልኩን ታያለች፣ አታምነኝም። አንዷ ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች። ልጇ ጅዳ በሰው ቤት ሠራተኛ ናት። ዘወትር ዓርብ በኢሞ ይተያያሉ። እናትየዋ ማንበብ አትችልም፤ መተግበሪያውን የምታውቀው በቀለሙ፣ ልጇን የምታውቃት በፎቶዋ ነው። በሦስተኛው ጊዜ ስትመጣ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ «እውነቱን ንገሪኝ፤ ተቀይማኝ ነው አይደል?» አለችኝ። ባለፈው ጊዜ ገንዘብ ስለ መላክ ክፉ ቃል ተናግራት ኖሯል፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጄ ፊቷን ያዞረችብኝ በዚያ ቃል ነው ብላ ስትብከነከን ከርማለች።

መስመሩ የተመለሰ ቀን ስልኳን ከፍቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ልጅቱ ከሦስት ሳምንት በፊት ጀምሮ የላከቻቸው የድምፅ መልእክቶች ተከታትለው ገቡ። የመጨረሻው «እማ፣ ተቀይመሽኝ ነው?» የሚል ነበር።

ይህች ሴት የኢንተርኔት ተጠቃሚ ናት። ወጣት አይደለችም፤ ሥራ ፈትም አይደለችም፤ ገና ጎሕ ሲቀድ ቀፊራ ገበያ ገብታ ሽንኩርትና ድንች ትቸረችራለች። ከእርሷ ጋር ታይዋን በሚባለው ገበያችን ውስጥ ጨርቅና ጫማ ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ለጅግጅጋና ለጭሮ ደንበኛ የሚልኩትን ሴቶች ጨምር። ሐረር ወጥተህ መኪና ግርግር ብትገባ፣ ያ ሠፈር ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ መሆኑን ትሰማለህ፤ ዛሬ እያንዳንዱ ልብስ ሰፊ ከመኪናው ጎን ስልኩን አቁሞታል። ሙሽራዋ ከምትኖርበት አገር ሆና የቀሚሱን ሥዕል ትልካለች፣ እርሱ ጨርቁን ዘርግቶ ያሳያታል፣ በዋጋ ይጨቃጨቃሉ። የትኛው የድራማ ጸሐፊ ነው ልብስ ሰፊን የኢንተርኔት ሰው አድርጎ የጻፈው? ጽሑፍህ ውስጥም የሉም። ድራማው ላይ ስላላየሃቸው ከዚራ ላይም አላየሃቸውም።

ወጥ የምታሳርረውን ሚስት በተመለከተ፣ ወጥ ከኢንተርኔት በፊትም ያርር ነበር።

አራተኛው ነጥብህ ባሕር ማዶ ባል የምታሳድደው ልጅ ናት። እዚህ ላይ እጄ የታሰረ ነው። የብዙ ሴቶችን ደብዳቤ በእጄ ጽፌአለሁ፤ ምስጢራቸውን ለክርክር ብዬ አላወጣም። ይህን ያህል ብቻ ልናገር። የአሜሪካ የዲቪ ዕጣ ከወረቀት ወደ ኢንተርኔት የዞረው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዲቪ የሚሞላበት ወር የእኛ የመኸር ወቅት ሆነ። ቤቴ በር ላይ የሚሰለፈው ከአገር ለመውጣት የሚጓጓ ሰው በአብዛኛው ሱሪ የለበሰና ጢም ያለው ነበር። ቀልዱን ግን የምትሸከመው ልጅቱ ናት። በባቡር ጊዜም ቢሆን ፎቶግራፍ በፖስታ ወደ ጅቡቲና ወደ ዓረብ አገር ይላክ እንደነበር እናቶቻችን ያጫወቱናል፤ ያኔ ግን በፖስታ ቤቱ ላይ ቀልድ የጻፈ አልነበረም።

አምስተኛው፣ የሐሰት ስም፣ ስድብና ማጭበርበር ነው። እዚህ ላይ ግማሽ ልክ ነህ፤ ግማሹን እሰጥሃለሁ።

በመጀመሪያ የማልሰጥህን። ኢንተርኔት ላይ ማንም ማንነቱን መደበቅ ይችላል የሚለው አሳብ መስፋፋት የጀመረው በ1993 እ.ኤ.አ. በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ከወጣ የካርቱን ሥዕል ጋር ነው፤ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ውሻ ለሌላው ውሻ ማንም እንደማያውቃቸው ይነግረዋል። ጥሩ ቀልድ ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን ውሻው የማን እንደሆነ፣ ከገንደ ቆሬ ይምጣ ከሳቢያን፣ ትናንት ማንን እንደነከሰ ጭምር ይታወቃል። በሐሰት ስም ሰፈሩን ሲያማ የኖረ አንድ ሰው ነበረን። «ስለዚህ» የሚለውን ቃል ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ስሕተት ይጽፈው ነበር። ደብዳቤ ሊያስገለብጥ እኔ ዘንድ ሲመጣ ያቺኑ ስሕተት ወረቀቱ ላይ አየሁና ቀና ብዬ አየሁት። ገንዘቡን ከፍሎ ወጣ፤ የሐሰት ስሙም ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም አለ። አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

የምሰጥህ ይህ ነው፤ ጥላቻ የሚዘራ ሰው አለ፤ ጉዳቱም ቀልድ አይደለም። አገር የጥላቻ ንግግርንና የሐሰት መረጃን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ያወጣችው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ድራማው ይህን ሰው ሥራ ፈት ጎረምሳ አድርጎ ሲሥለው ትክክለኛውን ሰው እየደበቀው ነው። እኔ የማውቃቸው ተሳዳቢዎች ደመወዝ ያላቸው፣ ክራባት የሚያስሩ፣ በቢሮ ሰዓት የሚሳደቡ ናቸው። ሥራ ፈቱማ ዳታው ውድ ነው፤ ለስድብ አያባክነውም።

ማጭበርበሩም እንዲሁ። በድራማው የሚታለለው የዋህ ኮረዳ ነው። በእኛ ሰፈር የተታለለው የተከበረ ነጋዴ ነበር፤ ቅናሽ እንኳ የማያውቅ ሰው። ስልክ ተደወለለት፤ ሽልማት ደርሶሃል፣ አሁን በመልእክት የደረሰህን ቁጥር ንገረን አሉት። ነገራቸው። ቁጥሩ የገንዘብ ሣጥኑ ቁልፍ ኖሯል። ማንም እንዳይሰማ ብሎ ለሳምንት ደበቀው፤ በዚያ ሳምንት ውስጥ እነዚያው ሰዎች ሌሎች ሁለት ነጋዴዎችን በዚያው ዘዴ ዘረፉ። ድራማው የሚታለለው ሞኝ ብቻ እንደሆነ ስላስተማረን ብልሆቹ ሲታለሉ ያፍራሉ፤ ሌባው የሚኖረው በዚያ እፍረት ነው። ዘዴውን ኢንተርኔት አልወለደውም። በናይጄሪያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ ቁጥር 419 ተብሎ የሚጠራው የማታለያ ደብዳቤ፣ ኢሜይል ከመስፋፋቱ በፊት በፖስታና በፋክስ ይዞር ነበር።

ስድስተኛ፣ ቋንቋችንን ገደሉት ትላለህ፤ አማርኛን በላቲን ፊደል ስለ ጻፉ። መሣሪያው ፊደላችንን አያውቅም ነበር እኮ። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚግባቡበት በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስልኮች እስኪቀበሉት ደግሞ ዓመታት ፈጀ። እስከዚያ ሰው ለእናቱ ምን ብሎ ይጻፍ? ደንበኞቼ ፊደሉ በመጣ ጊዜ ማንም ሳያዛቸው ወደ ፊደላቸው ተመለሱ። ደግሞ እዚህ ከተማ የላቲን ፊደል ያየህ እንደሆነ አማርኛ ነው ብለህ አትፍረድ። ኦሮምኛውም ሶማልኛውም የሚጻፈው በዚያው ነው። ከእኔ ኮምፒውተሮች በአንዱ ላይ በአንድ ቀን ውስጥ ከግራ ወደ ቀኝ ሦስት ቋንቋ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ደግሞ ዓረብኛ ተጽፎ ያድር ነበር። የቁልፎቹ ፊደል ሁሉ ተፍቆ አልቆ ስለነበር፣ ተሳስቶ የሚጽፍም ቢሆን በልቡ ነው የሚጽፈው።

በመሐል ጣል ያደረግካትን አንዲት አረፍተ ነገርም ሳልመልስ አላልፍም። ይህ ወረርሽኝ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አሁን ድሬዳዋም ደረሰ ብለሃል። ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። አሥራ አምስት ዓመት ጠብቃችሁናል። በቅርቡም ሳፋሪኮም አገራችን ሲገባ ኔትወርኩን መጀመሪያ ለደንበኛ የከፈተው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. እዚሁ ድሬዳዋ ላይ ነው። ወረርሽኝ ከሆነ እንግዲህ ምናልባት እኛ ነን ያስያዝናችሁ።

የመጨረሻው ነጥብህ ምክር ነው፤ ለደራሲዎች የሰጠኸው። የድሬዳዋ ድራማ ቢጻፍ ጀግናው በመጨረሻ ነቅቶ፣ ስልኩን ደቻቱ ወንዝ ላይ ወርውሮ፣ ውኃው ይዞት ሲሄድ እያየ ፈገግ ቢል ብለህ ተመኝተሃል። ወንድሜ፣ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ውኃ የለውም። የወረወረው ስልክ አሸዋ ላይ ያርፋል። እዚያ የሚጫወት ልጅ ያነሣዋል፣ አሸዋውን በሸሚዙ ይጠርገዋል፣ ከምሽቱ በፊትም ታይዋን ላይ አዲስ ልባስ ለብሶ ይሸጣል። ጀግናው ነገ ሐሳቡን ቀይሮ ሲመጣ የገዛ ስልኩን ተከራክሮ ይገዛዋል፤ ምናልባትም ከእኔ።

ውኃ የሚኖርበት ጊዜ ደግሞ ለፈገግታ አይሆንም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ድሬዳዋ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ከላይ ከተራራው የዘነበው ነው ወርዶ የሚመጣብን። ያን ሌሊት ለተኛው ሰው የነገረው አልነበረም። አሁን ክረምት ሲሆን ሰማዩ ከደንገጎ ተራራ በላይ ሲጠቁር፣ እዚያ ያለ አንድ ሹፌር ወይም ባለ ሱቅ ስልኩን አውጥቶ «እዚህ እየጣለ ነው» ብሎ በቴሌግራም ይጽፋል። አንዳንዴ ፎቶ፣ አንዳንዴ ድምፅ ብቻ ይልካል። አሸዋው ላይ ሸቀጧን የዘረጋችው ሴት ስልኳ ሲጮህ አጎንብሳ ታያለች፤ ከዚያ ጆንያዋን ማንሣት ትጀምራለች፤ አጠገቧ ያለችውንም ትጣራለች።